ደራሲው የንስሐ ልጄ አይደለም

ትብለጥ ማረፏን የሰማሁት ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ስልኳን እያየች «ፌቨን ሞተች» አለች። ከጎኗ ያለው ሰው ቀና እንኳ ሳይል «ስንተኛው ክፍል ላይ?» ሲል ጠየቃት።

«ድራማ አይደለም፤ የእውነት ነው።»

ሰውየው ጥቂት አሰበ። «ማን አለ? ራሷ ናት ያለችው?»

ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ። እኔም ከሳቁት አንዱ የነበርሁ ይመስለኛል። የሚወራላት ሴት ትብለጥ መሆኗ የገባኝ ሳቁ ካለፈ በኋላ ነው፤ ፌቨን በቴሌቪዥን ለአራት ዓመት የተጫወተቻት ልጅ ስም እንጂ የእሷ ስም አልነበረምና። ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት «የሞጣ ልጅ ናት፤ ነፍሷን ይማር» አሉ። ረዳቱ «ኧረ የቢቸና ናት» ብሎ ተከራከራቸው። ክርክሩ እስከ ደብረ ወርቅ ዘለቀ።

ትብለጥ፣ ቢቸና ሳለሁ ቤት ያከራዩኝ የእማሆይ ወለተ ሥላሴ ልጅ ናት። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። የምኖረውም በእማሆይ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጋር አንድ ግድግዳ በምትጋራ ክፍል ውስጥ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የማሰፍረውን ገሚሱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ገሚሱን በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ፤ የቀረውን ራሷ ነግራኛለች። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ዛሬ ለመለየት ይቸግረኛል። አንባቢ ይህን አስቀድሞ ይወቅልኝ።

የተወለደችው ሞጣ ነው። አባቷ በሰባት ዓመቷ ሲሞቱ እናቷ ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ቢቸና ይዘዋት ተመለሱ፤ ልጃቸው አድጋ አዲስ አበባ ከሄደች በኋላም መነኮሱ። ትብለጥ በመጀመሪያ ፊልሟ የቤት ሠራተኛ ነበረች። በር ትከፍትና «ጌታዬ የሉም» ብላ ትዘጋለች፤ ጌታዋ ግን ከበሩ ጀርባ ቆመዋል። «በሙያዬ የተናገርሁት የመጀመሪያ ቃል ውሸት ነው» ትል ነበር፣ የትውልድ ቦታዋን እንደምትናገር ሁሉ በተረጋጋ ድምፅ። ቀጥሎ በምግብ ዘይት ማስታወቂያ ላይ ፈገግ አለች። ከዚያም በአንድ ፊልም ውስጥ ሬሳ ሆነች። «ትንፋሽሽ ይታያል እያለ ሦስት ጊዜ ገደለኝ» ብላኛለች ስለ ዳይሬክተሩ።

ስሟን ያስጠራው ግን ስለ አንድ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚተርከው ሲትኮም ነው። እሑድ ከሰዓት ይተላለፍ ነበር። ትብለጥ ሥራውን ስትጀምር ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ፌቨን ደግሞ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። «አንድም ጊዜ ሳልወድቅ አራት ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ተማርሁ» ትላለች። ፌቨን በየሳምንቱ አባቷን ትዋሻለች፤ ታሪኩ በጠቅላላው ይኸው ነው። አንድ ዕቅድ ባወጣች ቁጥር ጓደኛዋ «አባትሽ ያውቃል?» ትላታለች፤ ተመልካቹም ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እያሰበ ይስቃል። ሌሎች ተዋንያን ሲዋሹ ዓይናቸው ይቅበዘበዛል፣ ድምፃቸው ይፈጥናል። ትብለጥ ግን ፌቨንን ስታዋሻት ይበልጥ ትረጋጋለች፤ ሰዓት ለጠየቃት ሰው እንደምትመልስ። ትልቅነቷ በዚህ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የትወና ዕውቀቴ ግን ከሁለት የዩኒቨርሲቲ ኮርስ አያልፍም።

በሠላሳ ዓመቷ ወደ ቢቸና መጣች። እናቷ በኩላሊት ሕመም አልጋ ይዘው ነበር። ከተማውም «ዝናዋን ጥላ ለእናቷ መጣች» አለ። ያም ሆኖ ግን በሌላ ነገር ሁሉ አያምናትም። ለባለ ሱቁ «ስልኬን ቤት ረሳሁት» ስትለው ቆጣሪው ላይ ተደግፎ ይስቃል። የባጃጅ ነጂዎች ባዩዋት ቁጥር «ፌቨን፣ አባትሽ ያውቃል?» ይሏታል። አንድ ቀን አብረን ስንሄድ ለአንዱ «አያውቅም። ሞቷል» ብላ መለሰችለት። ልጁ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

እማሆይ አንድ ምኞት ነበራቸው። ከማረፋቸው በፊት ከልጃቸው ጋር ጎን ለጎን ቆመው መቁረብ። የቀራቸው ጊዜ ጥቂት መሆኑን ሐኪሙ ደብረ ማርቆስ ላይ ነግሯቸዋል፤ ስለዚህ ነገሩን አላዘገዩትም። ትብለጥን ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ቄስ ምንውየለት ላኳት።

ቄስ ምንውየለት በወጣትነታቸው ቅኔ ያስተማሩ፣ ከዚያ ወዲህ ባጭሩ መናገር የመረጡ ሰው ነበሩ። ስለ ፌቨን ሰምተዋል፤ ነገር ግን «በወሬ ቀኖና አልሰጥም» አሉ። ስለዚህ አንድ ዲያቆን የሲትኮሙን ክፍሎች በስልኩ ጭኖ አመጣላቸው። ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ሦስት ቀን ከሰዓት ከሰዓት ተመለከቱ። በሁለተኛው ቀን ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታይቷል። ዲያቆኑ «እያለቀሱ ነው» ብሎ ለጎረቤት ተናገረ። ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ትብለጥ እንደ ነገረችኝ እጽፋለሁ።

«ልጂቱ አንድ ቀን እንኳ እውነት አትናገርም» አሏት።

«አባ፣ ቃሉ እኮ የእኔ አይደለም። ደራሲው ጽፎ የሰጠኝን ነው ያልሁት።»

«ደራሲው የንስሐ ልጄ አይደለም።»

«ዳይሬክተሩስ? ድገሚ እያለ የሚያስደግመኝ እሱ ነው።»

«እሱም አይደለም። ስንት ጊዜ ያስደግምሻል?»

«አንዳንዴ ስድስት ጊዜ።»

ቄሱ አሰቡ። «ስድስቱንም ቆጥሬ አላስጨንቅሽም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ትወናው ኃጢአት ነው አልወጣኝም። ገበሬ ሲያርስ ውሎ ማታ በሬውን ይፈታል። አንቺ ግን አንደበትሽን እንደ ጠመድሽው አለሽ። አርባ ቀን ፍቺው።»

ቀኖናው ይህ ነበር፦ አርባ ቀን ሐሰት አትናገርም፤ ለይሉኝታም ቢሆን። ለጠየቃት ሁሉ ትመልሳለች፤ «ዝምታ የውሸት ታናሽ እኅት ናት» ብለዋታልና። አንዲት ሐሰት ካመለጠቻት ከአንድ ትጀምራለች። ሲፈጸም ከእናቷ ጋር ትቆርባለች። አርባ መሆኑን እርግጠኛ ነኝ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ይቆጥር ነበርና።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለጎረቤት ከባድ ነበሩ። ሽሮ ይዘው ለእማሆይ ጥየቃ የመጡ ሴት «እንዴት ነው ልጄ፣ ጣመሽ?» ሲሏት «ጨው በዝቶታል። ባለፈውም በዝቶት ነበር» አለቻቸው። አንድ የባጃጅ ነጂ «ፌቨን፣ ቆንጆ ነኝ?» ብሎ ጮኸባት፤ «አይደለህም። ባጃጅህ ግን ንጹሕ ናት» አለችው። ልጁ ይህንን እንደ ሽልማት ለጓደኞቹ ሲያወራ ከረመ። እኔም ሞኝነቴ አልቀረልኝም፤ ለትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ የጻፍሁትን ተውኔት አስነበብኋት።

«እንዴት አገኘሽው?»

«አሰልቺ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ውሻ ጥሩ ነው።»

«ውሻው እኮ አይናገርም።»

«ለዚያ ነው።»

ምን ነካሽ ብለው ሲጠይቋትም መመለስ ስላለባት «ቀኖና ላይ ነኝ» አለች፤ በዚህ ምክንያት ነገሩ በአንድ ገበያ ቀን ከተማውን አዳረሰ። ከዚያም ያልጠበቅሁት ሆነ። ሰዎች ይፈልጓት ጀመር። ቀሚስ የገዛች ሴት በበራችን በኩል ዞራ ትሄዳለች። በአንዲት ዶሮ የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች እሷ ዘንድ መጡ፤ ዶሮዋ ከየትኛው ግቢ ስትወጣ ታይ እንደነበር ተናገረች፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። ስልኬን ረሳሁ ስትል የተሳቀባት ሴት በሦስት ሳምንት ውስጥ ቃሏ የማይመረመር ምስክር ሆነች። «ፌቨን ናት ያለችው» ማለት ክርክር መዝጊያ ሆነ።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ መመለስ ግዴታዋ እንደሆነ እያወቅሁ ነበርና። ልብስ ታሰጣ ነበር።

«ለእናትሽ ብለሽ ያን ሁሉ ትተሽ መምጣትሽ አይቆጭሽም?» አልኋት። ላመሰግናት ነበር ሐሳቤ።

መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። «ለእናቴ ብዬ አልመጣሁም። ሲትኮሙ ካለቀ ወዲህ ማንም አልደወለልኝም። ሠላሳ ዓመት ሞልቶኛል፣ ልጅ ሆኜ አልሠራም፤ ፊቴ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ እናት ሆኜም አልሠራም። መኖሪያ ሳጣ ዕቃዬን ይዤ መጣሁ። እማ መታመሟን የሰማሁት መናኸሪያ ስወርድ ነው። አንድ የሚያውቀኝ ሰው ‹እንኳን ደረስሽላት› አለኝ። ‹አዎ› አልሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከተማው ተቀበለው። ያመነልኝ ብቸኛ ውሸቴ እሱ ነው።» ወደ ልብሱ ተመለሰች።

እማሆይ ጥያቄያቸውን ያቀረቡት አርባው ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ዓይናቸው ስለ ደከመ ከሰዓት ከሰዓት ዳዊት አነብላቸው ነበር፤ ስለዚህ ይህንን በግድግዳ በኩል አልሰማሁትም። ትብለጥ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ቅባት ትቀባቸው ነበር።

«ትብለጥ።»

«አቤት እማ።»

«ስንት ቀን ቀረሽ?»

«አራት።»

«እንግዲያ ልጠይቅሽ። ከመጣሽ ጀምሮ ይዤው ነው የቆየሁት። ያኔ ብጠይቅሽ አዎ ትዪኝ ነበር፤ እኔም እውነት ይሁን አይሁን ሳላውቀው እሞት ነበር። አሁን ግን መዋሸት አትችዪም።» ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ መጽሐፉን እጠፈው። አንተም ስማ።»

መጽሐፉን አጠፍሁት።

«ለእኔ ብለሽ ነው የመጣሽው?»

ዝም ያለችው ምን ያህል እንደሆነ ብዙ ጊዜ ለመገመት ሞክሬአለሁ። አንዳንድ ጊዜ ረጅም ይመስለኛል፤ ነገር ግን ሳስበው ያረዘምሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። እጇ ከእናቷ እግር ላይ አልተነሣም። ድምፅዋ ዝቅ ያለና የተረጋጋ ነበር።

«አዎ እማ። ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ተመስገን» አሉ እማሆይ፤ ዓይናቸውንም ከደኑ።

ግቢው ውስጥ ቧንቧው ዘንድ አገኘኋት። እጇን ትታጠብ ነበር። «በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሠርቼ አላውቅም» አለችኝ። «ባንድ ጊዜ። ድገሚ ያለኝ የለም።»

«አሁን ምን ትሆኛለሽ?»

«ከአንድ እጀምራለሁ።»

«ከአንድ ከጀመርሽ እኮ እማሆይ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ።»

«ታውቃለች።»

«ካልነገርሽ ደግሞ ማንም አያውቅም። አራት ቀን ነው የቀረሽ፤ እሳቸውም ሌላ አርባ ቀን መኖራቸው…» አልጨረስሁትም።

«መምህር፣» አለችኝ ቧንቧውን እየዘጋች፣ «ቁርባን ላይ አልተውንም።» በማግሥቱ ማለዳ ወደ ቄስ ምንውየለት ሄደች።

ቄሱ በዚያው ቀን ከሰዓት መጡ። መስቀላቸውን አሳለሙን፣ ተቀመጡ፣ ጭራቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩ።

«እማሆይ፣ አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ።»

«ምን አባቴ?»

«ቁጥሩን። የቀኖናውን። አርባ ብዬ ነበር።» ጭራዋ ወደ ቀኝ ተመለሰች። «ሰማንያ ነው።»

«ሰማንያ?»

«አርባ አርባ ማለቴ ነው። አርባው ለፌቨን። አርባው ደግሞ ለ… ለራሷ ለትብለጥ። ሁለት ናቸውና።» ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። «እኔ ነኝ የተሳሳትሁት። ልጂቱ የለችበትም። እሷ ምንም አላደረገችም» አሉ፤ ይህንንም ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ ደገሙት።

እማሆይ ትክ ብለው አዩዋቸው። ከዚያም «እንግዲህ ሰማንያ ከሆነ ሰማንያ ነው» አሉ። «እቆያለሁ።»

ሲወጡ ትብለጥና እኔ እስከ በር ሸኘናቸው። ርቀው ሲሄዱ «እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት አላወቁም» አለችኝ። «መደጋገሙም አያስፈልግም ነበር።» ይህንን ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ወይም እንዲያ ነው የማስታውሰው። ቄስ ምንውየለት በማግሥቱ በእግራቸው ወደ ደብረ ወርቅ ሲሄዱ ታዩ። የእሳቸው የንስሐ አባት የሚኖሩት እዚያ ነው።

ሁለተኛው አርባ ተጀመረ። አንድ ነገር እንደ ተለወጠ የገባኝ ዘግይቶ፣ ምናልባት በሦስተኛው ሳምንት ነው። እማሆይ ልጃቸውን ምንም አይጠይቋትም። ቀድሞ ከጠዋት እስከ ማታ «በላሽ? የት ዋልሽ? ማን መጣ?» የሚል ድምፃቸው በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። አሁን ጥያቄ ከቤቱ ጠፋ። «ጋቢ ደርቢ» ይላሉ። «ውጭው ብርድ ነው። ደክሞሻል፤ ጋደም በዪ። ዛሬ ሕመሜ ቀለል ብሎኛል።» የጥያቄ መልክ ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ከአፋቸው አይወጣም። እንግዳ መጥቶ ትብለጥን አንድ ነገር ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት እማሆይ ቀድመው በሕመማቸው ያቃስታሉ፤ እንግዳውም ጥያቄውን ትቶ ወደ እሳቸው ይዞራል። እኒያ ሽሮ የሚያመጡ ጎረቤት አንድ ቀን «መቼም ለእናትሽ ስትዪ ያን የመሰለ ሥራ…» ብለው ሲጀምሩ የተሰማው ማቃሰት እኔን ከክፍሌ አስሮጦኛል። ገብቼ ሳይ እማሆይ ምንም አልሆኑም። ዓይናቸውን ገልጠው «መምህር፣ ግባ፤ ዳዊት አንብብልኝ» አሉኝ።

ስለዚህ ነገር ከትብለጥ ጋር ተነጋግረን አናውቅም። እኔም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድም ነገር አልጠየቅኋትም።

እማሆይ አርባውን ቀን ቆዩ። ሐኪሙ ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ያዘዘው እሱ አልነበረም። ከቁርባኑ በኋላ ሦስት ሳምንት ኖረው ዐረፉ። ትብለጥም ከተዝካሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች፤ በዚያም ፊቷ ተለውጦ ስለ ነበር እናት ሆና ትሠራ ጀመር። ከእነዚያ ሥራዎች ሁለቱን አይቻለሁ፤ ጥሩ ናቸው። ሰዎች ግን እስከ መጨረሻው ፌቨን አሏት።

የተቆረበው እሑድ ነው። እማሆይን በባጃጅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አደረስናቸው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ሁለት ሰዎች ደግፈው አስገቧቸው። ነጂው ያን ቀን ትብለጥን ምንም አላላትም፤ እንዲያውም ወርዶ ጫማውን አውልቆ ቆመ። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ሲቆርቡ እኔ ከወንዶቹ ወገን ስለ ነበርሁ በደንብ አላየሁም። ያየሁት ሁለት ነጠላ ነው፤ አንዱ ብዙ ያጎነበሰ፣ አንዱ እሱን የደገፈ።

ቤት ስንመለስ እማሆይን አልጋቸው ላይ አስደግፈን አስቀመጥናቸው። ቄስ ምንውየለት አብረውን መጥተው ከእኔ ጎን ተቀምጠዋል። ጎረቤቶች ምግብ ሊያመጡ ሄደው ገና አልተመለሱም፤ በቤቱ ውስጥ የነበረው ለእማሆይ የተሠራ አንድ ጎድጓዳ ሳሕን አጥሚት ብቻ ነው። ትብለጥ ሳሕኑን አምጥታ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። እማሆይ ማንኪያውን ያዙና ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት።

«ራበሽ?» አሏት።

ከአርባ ቀን በኋላ የጠየቋት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር። ትብለጥ ከቅዳሜ ቀትር ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

«አልራበኝም እማ» አለች። «አንቺ ቅመሺ።»

ቄስ ምንውየለት መስማታቸውን ልምልበት አልችልም፤ በዚያች ቅጽበት መስቀላቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር፣ አጥብቀውም ነበር የሚጠርጉት።

«አንቺ ውሸታም» አሉ እማሆይ፤ የመጀመሪያውንም ማንኪያ ወደ እሷ ዘረጉ። ትብለጥ ጎንበስ ብላ አፏን ከፈተች።